አቧራ አልባው የፍሬን ሸራ ከስምንት ወር በኋላ

ፔዳሉ አልሰመጠም፣ ዘይት አልፈሰሰም፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም። እግር ሥር ያለው ሁሉ እንደ ወትሮው ደንዳና ነበር፤ መኪናው ብቻ አልቀንስ አለ። ስቴልቪዮ ከሚባለው የጣሊያን ተራራ መንገድ ጫፍ ወደ ፕራቶ መንደር ሲወረድ፣ 20ኛው ኩርባ ከታለፈ በኋላ፣ ከላይ ሲጀመር በቀላል ግፊት ይይዝ የነበረው ፍሬን እጥፍ ጉልበት ቢሰጠውም ግማሽ ሥራ ብቻ ይሠራ ጀመር። የዚህ ግምገማ ፍርድ የተሰጠው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ዕቃው ሴራሚክ እየተባለ የሚሸጠው፣ «ቸርኬ የማያጠቁር፣ ድምፅ የማያወጣ» የሚል ማስታወቂያ ያለው የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች አራት ፍሬ። የተገጠመበት መኪና ባዶውን 1,350 ኪሎ ይመዝናል፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል ነው። ስምንት ወር፣ 11,400 ኪሎሜትር።

ደግ ደጉን ቶሎ ልጨርስ። በሰሜን ጣሊያን በቫልቴሊና፣ ከሶንድሪዮ እስከ ቲራኖ ባለው የወይን አገር፣ ከ38 ቁጥር ዋና መንገድ ወጥተው ወደ ወይኑ የሚያወጡት መንገዶች ጠባብና አጫጭር ዳገት የበዛባቸው ናቸው። ወይኑ በድንጋይ ካብ በተያዙ እርከኖች ላይ፣ ፀሐይ በደንብ በሚመታው የሸለቆው ሰሜናዊ ተዳፋት ይበቅላል። እዚያ ፍሬን ይነካል፣ ይለቀቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሸራው እንከን አይወጣለትም። ከስቴልቪዮ ማዶ ባለችው በግሎሬንዛም እንዲሁ ነው። ይህች 900 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቅጥሯ ዛሬም ዙሪያዋን ሙሉ ያጥራታል፤ የሚገባባት በሦስት በር ነው። በድንጋይ ንጣፍ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ሲነዳ ተራ ሸራ ያፏጫል፣ ፉጨቱም በግንቦቹ መሀል ያስተጋባል። ይህኛው ትንፍሽ አይልም። ቸርኬውም ከሳምንት ጉዞ በኋላ እንደታጠበ ነው። ሻጩ የማለው በጸጥታውና በንጽሕናው ብቻ ከሆነ መሐላው እውነት ነው።

ስቴልቪዮ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። መንገዱ ከ1820 እስከ 1825 በመሐንዲሱ በካርሎ ዶኔጋኒ ለኦስትሪያ መንግሥት ሲሠራ በፈረስ ሠረገላ ዘመን ነበርና ተዳፋቱ ልከኛ ነው፤ በአማካይ 7 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። አንድም ቦታ ላይ የሚያስደነግጥ ገደል የሚመስል ቁልቁለት የለም፤ ግን አንድም ቦታ ላይ ፍሬኑ አርፎ የሚቀዘቅዝበት ረጅም ሜዳ የለም። ከ2,757 ሜትር ተነስቶ በ24 ኪሎሜትር ውስጥ 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚህ በኩል ከላይ ወደ ታች ከ1 እስከ 48 የተቆጠሩ ኩርባዎች አሉ፤ ሁሉም ጋ መቀነስ ግዴታ ነው። በዚያ ላይ ሁለት መኪና በማያሳልፍ ቦታ የጣሊያን ሕግ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚወጣው ስለሆነ፣ የሚወርደው መቆም አለበት።

ሒሳቡ ይኸው። ከነጭነቱ 1,700 ኪሎ የሆነ መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ 30 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ይለቅቃል። ከዚያ ውስጥ ጎማው ከመንገዱ ጋር ሲፋተግ የሚበላውና ነፋስ የሚወስደው ቢቀነስ 24 ያህል ይተርፋል። ሞተሩ ካላገዘ ይህ ሁሉ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ቁልቁለቱ 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ባለ 2 ኪሎዋት አምስት የውኃ ማፍያዎች ለ40 ደቂቃ ሳያቋርጡ እንደሚሠሩ ማለት ነው። የሚበዛው ድርሻ የሚያርፈው በፊት ዲስኮች ላይ ነው፤ እነዚህ ሸራዎች የተገጠሙትም እዚያ ነው።

ሸራው ላይ ከመፍረድ በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ማጥራት ተገቢ ነው፤ በየጋራዡ የሚደባለቀው ይሄ ነውና። የመጀመሪያው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በገባበት ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 ለሚባለው የዘይት ደረጃ ዝቅተኛው መስፈርት አዲስ ሳለ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ 155 ነው፤ ለዶት 3 ደግሞ 205 እና 140። ዘይት ሲፈላ ግን በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ አንዳንዴም እስከ ወለሉ ይወርዳል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ፔዳሉ ከፍ እንዳለና እንደደነደነ ቀረ፤ ግፊቱ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ጋ ይደርሳል፣ ሸራውም ዲስኩን ይጫናል፣ ሰበቃው ነው የጠፋው። ይህን ልዩነት በእግር ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። ዘይቱ በዚያው ዓመት የተቀየረ ዶት 4 ነበር።

ሁለተኛው የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ናቸው። ደርቀው ከተያዙ አንዱ ሸራ ሳይለቅ እየተጎተተ ይግላል፣ አንደኛው ጎንም ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። ተፈትተው ሲታዩ በጣት ይንቀሳቀሳሉ፣ ለፍሬን የተሠራው ግራሶም አልደረቀም። የሸራዎቹ ውፍረትም ይህንኑ ይመሰክራል፦ አዲስ ሳሉ 11 ሚሊሜትር የነበሩት በግራ 7.5፣ በቀኝ 7 ደርሰዋል። ሦስተኛው አዲስ ሸራ ላይ የሚታየው መዛል፣ ማለትም ሲግል መያዙን መቀነሱ ነው። ሸራውን የሚያያይዘው ሙጫ መጀመሪያ ሲግል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መሀል ገብቶ መያዝን ይከለክላል። ይህ ግን ገና ያልተገራ ሸራ ጠባይ ነው፤ ስምንት ወር የሠራ ሸራ ላይ ሊላከክ አይችልም።

የቀረው ሸራው ራሱ ነው፤ ማስረጃውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር። ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ወይም የብረት ጀርባቸው ላይ ከረጅም ቁጥር መጨረሻ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይታተምባቸዋል። የፊተኛው ሸራው በመደበኛ ሙቀት የሚያሳየውን የሰበቃ መጠን፣ የኋለኛው ደግሞ ሲግል የሚያሳየውን ይናገራል። ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። እዚህ ሸራ ላይ የታተመው ኤፍ-ኢ ነው። ይኸውም ሲቀዘቅዝ ደህና ይይዛል፣ ሲግል አንድ ደረጃ ይወርዳል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስለ አቧራ ነው፤ ስለ ሙቀት የሚናገሩት ሁለት ፊደላት ግን የብረቱን ቀለም ካላበሱ አይታዩም። ሴራሚክ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲግልም ደረጃውን የማይለቅ አለ። «ሴራሚክ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ቁልቁለት ምንም አይነግርም ነው የምለው።

ሻጩ የሚመልሰውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይሆናል» ይላል። ወንድሜ፣ ጭነቱ ሦስት ሰው፣ ሻንጣና አራት ካርቶን ወይን ነው። ጣሊያን ውስጥ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው በሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ብቻ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ፤ ስለዚህ የወይን አገር ጎብኚ ጠርሙሱን ጭኖ ይሄዳል እንጂ እየቀመሰ አይነዳም። የ12 ጠርሙስ ካርቶን 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራቱ ተደምረው 64 ኪሎ፣ ከመኪናው ጠቅላላ ክብደት 4 በመቶ አይሞሉም። በመኪናው ሰነድ ከተፈቀደው ክብደት ገና ከ100 ኪሎ በላይ ይቀራል። «የአውሮፓ ማረጋገጫ አለው» ቢልም እውነቱን ነው፣ የደንብ ቁጥር 90 ምልክት አለው፤ ያ ደንብ ምትክ ሸራ በመያዝ አቅሙ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ሸራ ጋር ሲነጻጸር ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ይጠይቃል። ምልክቱ የሌለውን ሸራ ጭራሽ አልገዛም። ነገር ግን ምልክቱ የመግቢያ ወለል ነው፤ ጭነት ይዞ 40 ደቂቃ ለሚወርድ ሰው የትኛው ሸራ እንደሚሻል አይለይም። «አነዳዱ ነው» የሚለውን ደግሞ በግማሽ እቀበላለሁ። ያን ቀን 3ኛ ማርሽ ላይ ነበር የተወረደው፤ 2ኛ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ እነዚህን ሸራዎች ይዞ መውረድ ላለበት ሰው አካሄዱ ይህ ነው። ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይገባል፤ ለስቴልቪዮ 2ኛ ነው፣ ጠባቦቹ ኩርባዎች ላይ አንዳንድ መኪና 1ኛ ይፈልጋል። ሞተሩ ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር ቢጮህ አይጎዳም፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ከተነሳ አዲስ ሞተር ነዳጅ ማስገባቱን ስለሚያቋርጥ ነዳጅም አይበላም። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ወደሚመረጠው ክፍል ይወሰዳል፤ ዲ ላይ ትቶ መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው። ሃይብሪድ የሚነዱ ሰዎች ባትሪው ሲሞላ ኃይል መልሶ መሰብሰቡ እንደሚቆም፣ ሸክሙም ወደ ሸራው እንደሚዞር ይወቁ፤ ጫፉ ላይ ባትሪው ሞልቶ ከተነሳ ከመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ጀምሮ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጠበቅ ተደርጎ ለአጭር ጊዜ ነው፦ ከ45 ወደ 25 ኪሎሜትር አውርዶ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። እግርን ጣል አድርጎ ኪሎሜትር ሙሉ መጎተት ዲስኩ ለአንድ አፍታ እንኳ አየር እንዳያገኝ ያደርጋል። የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ወይም ፔዳሉ እንደደነደነ መያዙ ሲቀንስ፣ የሚቆምበት ቦታ መፈለግ ነው። ፍራንዘንስሆሄ፣ 2,188 ሜትር ላይ፣ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ከተወረደ በኋላ ይገኛል፣ መኪና ማቆሚያም አለው። ሽታው እስኪጠፋ አልጠበቅሁም ማለት እንዳይመጣ 20 ደቂቃ ይሰጠው። ሲቆም ማርሽ ውስጥ ይገባል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፣ ፔዳሉ ግን አይረገጥም፦ ተረግጦ ከቆየ ሸራው የጋለው ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ተጣብቆ አሻራውን ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ውኃ መድፋት ፈጽሞ አይታሰብም፤ የጋለ ብረት ዲስክ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ከስቴልቪዮ በኋላ ሸራዎቹ ሲወልቁ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፣ ዲስኩም በሁለት ቦታ ሰማያዊ ጥላ ጥሎበታል። በ100 ቁጥር ሸካራ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ እየታሹ የላይኛው ሽፋን ሊነሳ ይችላል፤ ማስክ አድርጎ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እየሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ እንደ ድሮው ያዙ። ሁለተኛ ጊዜ፣ በተራራው ሌላ ጎን በቦርሚዮ በኩል 1,530 ሜትር ያህል ሲወረድ፣ በትክክል በ2ኛ ማርሽ፣ መዛሉ ተመልሶ መጣ፤ ዘግይቶና ቀለል ብሎ፣ ግን መጣ። ሻጩ በግማሽ የተቀበልኩትን ሰበብ ያጣው ያን ጊዜ ነው።

ወልቀዋል። ገና 7 ሚሊሜትር ያለው ሸራ ማውለቅ ያሳዝናል፣ በገዛሁትም ተጸጽቻለሁ፤ ጉዞው ከወይን እርከኖቹና ከመንደሮቹ የማያልፍ ሰው ግን ዛሬም ቢገዛው አይጎዳም። በምትኩ የገባው ጂ-ጂ ነው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ቸርኬው ጠቆረ፣ ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝም ትንሽ ያጉረመርማል። የተገራው በባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው፦ ከ60 ወደ 15 ኪሎሜትር አሥር ጊዜ በመካከለኛ ግፊት፣ ሳይቆም፣ በየመሀሉ ግማሽ ደቂቃ እየተነዳ፣ በመጨረሻ ፍሬን ሳይነካ 10 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ በዚያው ጭነት፣ በዚያው 2ኛ ማርሽ፣ 48ቱንም ኩርባ ወርዷል፤ 48ኛው ላይ ፔዳሉ የጠየቀው ጉልበት 1ኛው ላይ የጠየቀውን ያህል ነበር። ቸርኬው በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል።