ዋሽንግተን ዲሲን ለእንግዳ ለማሳየት፦ የናሽናል ሞል መታሰቢያዎችና የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት

ከአገር ቤት የመጡትን እናቴንና አጎቴን ዋሽንግተን ዲሲን ለማስጎብኘት ሁለት ጊዜ ወጥተናል። መጀመሪያ የሄድነው በአንድ አስጎብኚ ድርጅት መኪና ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ራሳችን ባወጣነው ዕቅድ፣ አብዛኛውን በእግር ጎበኘን። በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ እንግዳ ለሚጠብቁ ወገኖች ይጠቅማል ብዬ የታዘብኩትን ጽፌዋለሁ።

ናሽናል ሞል ስሙ የገበያ ማዕከል ቢመስልም፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ከሆነው ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሰፊ መናፈሻ ነው። መታሰቢያዎቹን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሲሆን፣ የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ዋና ዋናዎቹም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ክፍያ ስለሌለው ግን ያለ ዕቅድ መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። በሐምሌ እኩለ ቀን ጥላ በሌለው በዚያ መንገድ ላይ በዕድሜ የገፋ ሰው ይዞ መሄድ አድካሚ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ስለዚህ ጠዋቱን ለዋሽንግተን ሐውልት ሰጥቶ፣ ቀትርን በሙዚየም ውስጥ አሳልፎ፣ የሊንከን መታሰቢያ ያለበትን የምዕራቡን ጫፍ ወደ ማምሻ ማቆየት የተሻለው አካሄድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

169 ሜትር ወደሚደርሰው የዋሽንግተን ሐውልት በአሳንሰር ለመውጣት ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ያስፈልጋል። በኢንተርኔት አስቀድሞ ለሚይዝ አንድ ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በዕለቱ ጠዋት በ15ኛው መንገድ በኩል ካለው ቢሮ የሚሰጠው ግን ነጻ ነው፣ ሆኖም ቶሎ ያልቃል። ከታች ቆመው ሲያዩት የድንጋዩ ቀለም ከመሬት 46 ሜትር ገደማ ላይ ይለወጣል፤ በ1848 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ግንባታ በገንዘብ እጦትና በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ለዓመታት ተቋርጦ፣ በ1884 የተፈጸመው ከሌላ ቦታ በመጣ ድንጋይ ስለነበረ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናገርለት የምፈልገው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያን ነው። በመጀመሪያው ጉዞ አስጎብኚያችን «ከመስኮት እዩት» ብሎን አልፎት ስለሄደ፣ በሁለተኛው ጉዟችን የዕቅዳችን መነሻ ያደረግነው እሱን ነበር። የዝናብ ልብስ የደረቡ 19 የብረት ወታደሮች በቁጥቋጦ መካከል ሲጓዙ ይታያሉ፤ በአጠገባቸው ባለው ጥቁር ግድግዳ ላይ ምስላቸው ሲያርፍ ቁጥራቸው 38 ይሆናል። ብዙ ጎብኚ እነሱን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። በሰሜን በኩል ባለው መተላለፊያ ጠርዝ ላይ፣ በዝቅተኛው ድንጋይ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰለፉት የ22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ከእነዚያም አንዱ ኢትዮጵያ ነው።

አጎቴ በልጅነታቸው በሰፈራቸው አንድ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ያውቁ ነበር። የኢትዮጵያን ስም ሲያዩ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሪያ ስለዘመተው ጦር፣ የሻለቃው መጠሪያም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው እንደተወሰደ ለልጆቼ አስረዷቸው። ከዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በሕይወት አልተመለሱም። በዚህ ከተማ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ድንጋይ ሳያዩ ማደግ የለባቸውም ብዬ አምናለሁ።

የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚርቅ መነሻውን እዚያ ማድረግ ያመቻል። በመኪና እዚያው ወርዶ፣ ከኪንግ ወደ ኮሪያ፣ ከኮሪያ ወደ ሊንከን መሄድ አረጋውያንን አያደክምም። በሜትሮ ባቡር የሚመጣ ሰው ግን ለሊንከን መታሰቢያ ቅርብ ከሚባለው ከፎጊ ቦተም ጣቢያ አንስቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚጓዝ ይወቅ። ወደ ሊንከን የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ኪንግ በነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. «ሕልም አለኝ» የሚለውን ንግግር የተናገረበት ደረጃ ላይ ቦታው በጽሑፍ ስለተመለከተ፣ ሲወጡ ወደ እግርዎ ማየትን አይርሱ። መኪና ማቆሚያ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ በዚያ በኩል ኡበር መጥራቱ ይቀላል።

የዚሁ የሁለተኛው ጉዟችንን ሁለተኛ ቀን አናኮስቲያ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ለሚገኘው፣ ባርነትን በመቃወም ለታወቀው ለጸሐፊው ፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ሰጠነው። ግቢው በነጻ ይጎበኛል፤ ወደ ቤቱ የሚገባው ግን ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። በባርነት ተወልዶ በ1838 እ.ኤ.አ. ያመለጠው ይህ ሰው ቤቱን በ1877 ገዝቶ እስከ ዕለተ ሞቱ በ1895 ኖሮበታል፤ መጻሕፍቱንና የቤት ዕቃዎቹንም እዚያው ማየት ይቻላል። አስጎብኝታን የነበረችው ጠባቂ የእናቴን ጥያቄ በእኔ አስተርጓሚነት አንድ በአንድ በትዕግሥት መልሳለች። ቤቱ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ደረጃው ለጉልበት ሕመምተኛ ያስቸግራል፤ እኛም እናቴን እያሳረፍን ነው የወጣነው። ላይ ሲደርሱ ግን ትላንት በእግራቸው የዞሩትን ከተማ፣ ካፒቶሉንና ረጅሙን ሐውልት ጨምሮ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት አዩት።