አምስት ኦቴሎዎች፣ አንድ መሐረብ

የሼክስፒርን ኦቴሎ ቤቱ ተቀምጦ ማየት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አምስት የታወቁ ቅጂዎች ያገኛል። አጭሩ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ረጅሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። አንዱ የቆረጠውን ሌላው እንዳለ ይዞታል፤ አንዱ ሰይጣን ያደረገውን ኢያጎ ሌላው ወታደር አድርጎታል። ስለዚህ እዚህ የሚመዘኑት ቅጂዎቹ ናቸው። መመዘኛውም ይኸው ነው፦ ኢያጎ ተንኮሉን ለምን እንደሚሸርብና እንዴት እንደሚሳካለት ተመልካቹ በዓይኑ ያያል ወይስ በእምነት ይቀበላል? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተውኔቱ በቅናቱ ይታወቅ እንጂ ገና ሲከፈት ኢያጎ የሚያማርረው ስለ ሹመት ነው። ሦስት የቬኒስ ትልልቅ ሰዎች አማልደውለት ሳለ የቬኒስ ጦር አዛዥ የሆነው ጥቁሩ ኦቴሎ ምክትልነቱን ለካሲዮ ሰጥቷል። ካሲዮ ፍሎረንሳዊ ነው፤ በኢያጎ አባባል ጦርነትን ከመጽሐፍ እንጂ ከሜዳ አያውቅም። ኢያጎ ራሱ በሮድስና በቆጵሮስ ሲዋጋ ኦቴሎ በዓይኑ አይቶታል፤ የደረሰው ግን ሰንደቅ ያዥነት ነው። ዕድገት በደብዳቤና በመወደድ ሆኗል፣ ተራ የሚባል ነገር ቀርቷል ይላል። የ28 ዓመት ወታደር ምሬት ነው፤ በማንኛውም ጦር ቤት ውስጥ ሊሰማ የሚችል።

ቅናቱ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም መጀመሪያ የሚቀናው ኢያጎ ራሱ ነው። በ1ኛው ገቢር መጨረሻ ኦቴሎ ከኢያጎ ሚስት ከኤሚሊያ ጋር ይባልጋል የሚል ወሬ መስማቱን ለብቻው ይናገራል። እውነት መሆኑን አያውቅም፤ ጥርጣሬው ብቻ ግን ይበቃዋል። በ2ኛው ገቢር ካሲዮንም ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ቆርጦ «ኢያጎ ክፉ ስለሆነ ክፉ ሠራ» ብቻ የሚል ቅጂ የተውኔቱን ግማሽ ጥሎታል።

የተንኮሉ ሞተር ያለው 3ኛ ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንት ላይ ነው። ትዕይንቱ ሲጀምር ኦቴሎ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ሲያልቅ ተንበርክኮ በቀል ይምላል። ይህ በአንድ ትዕይንት እንዴት ይቻላል? ካሲዮ ከኦቴሎ ሚስት ከዴዝዴሞና ዘንድ ተነሥቶ ሲሄድ ኢያጎ «ይሄስ ደስ አላለኝም» ብሎ ያጉተመትማል፤ ሲጠየቅ «ምንም» ይላል። ቀጥሎ ኦቴሎ የሚናገረውን ቃል እያነሣ መልሶ በጥያቄ ይወረውርለታል፤ ኦቴሎ «ይህ ሰው ያስተጋባብኛል» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ። ከዚያ ስለ መልካም ስም ያወራል። ከዚያም «ከቅናት ተጠንቀቅ» ይለዋል፤ ቅናት የሚለውን ቃል ኦቴሎ ፊት ያመጣው እሱ ነው፣ ያመጣውም በምክር መልክ ነው። ከዚያ «አንተን ስታገባ አባቷን አታላለች» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ አባቷ ብራባንሺዮ በ1ኛው ገቢር በሸንጎው ፊት ለኦቴሎ የወረወረው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ኢያጎ የተቀመጠውን ብቻ ነው ያነሣው። በመጨረሻም የአገሯን፣ የመልኳንና የማዕረጓን ሰዎች ትታ እሱን መምረጧ ራሱ ያጠራጥራል ይለዋል። ኦቴሎ ለሚስቱ የሰጣት መሐረብ ወደ ነገሩ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ማስረጃው ሲደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ቆይቷል።

እዚህ ቦታ ላይ ቅጂዎች የሚወድቁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፍጥነት ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁለቱ ቢቆረጡ ኦቴሎ ሞኝ ይመስላል፤ ተመልካቹም «ሰው እንዴት በጨርቅ ቁራጭ ያምናል?» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው የመሐረቡ አወዳደቅ ነው። ዴዝዴሞና የባሏን ራስ ልታስርበት ስትል ትንሽ ነው ብሎ ይገፋዋል፤ ይወድቃል፤ ኤሚሊያ ታነሣዋለች፤ ባሏ ብዙ ጊዜ ስረቂልኝ ሲላት ነበርና ትሰጠዋለች፤ እሱ ካሲዮ ቤት ይጥለዋል፤ ካሲዮ ጥልፉ እንዲገለበጥለት ለወዳጁ ለቢያንካ ይሰጣል። አምስት እጅ ነው። ካሜራው የመጀመሪያውን አወዳደቅ በግልጽ ካላሳየ 4ኛው ገቢር ላይ ቢያንካ መሐረቡን ስትወረውር ተመልካቹ ከየት መጣ ይላል።

በዚሁ ትዕይንት መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የምታልፍ አጭር ንግግር አለች፤ ኦቴሎ ኢያጎን «እንግዲህ ምክትሌ ነህ» ይለዋል። ያ ሹመት! በመጀመሪያው ገጽ የተለቀሰበት ሹመት ገና ሁለት ገቢር ሲቀር እጁ ገባ። ሰውየው ግን አያቆምም፤ ማቆምም አይችልም። ዴዝዴሞናን የሚመኘውና ኢያጎ የሚያታልለው ሮደሪጎ ለእሷ እንዲያደርስለት የሰጠውን ዕንቁ መልስ ይለዋል፣ ካሲዮ በሕይወት ካለ ከኦቴሎ ጋር ተነጋግሮ ነገሩ ይገለጣል። እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ኢያጎ ራሱ በ5ኛው ገቢር ይቆጥራቸዋል። ሦስተኛዋን፣ የመሐረቡን ነገር የምታውቀውን ሚስቱን፣ አይቆጥርም፤ የሚጠፋውም በእሷ ነው። ቅጂ ሲመርጡ ይህች ንግግር ላይ ሲደርሱ ቪዲዮውን አቁመው የኢያጎን ፊት ማየት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ።

ከሁሉ የሚሻለው ትሬቨር ነን ያዘጋጀውና በ1990 ለቴሌቪዥን የተቀረጸው ነው። መጀመሪያ በ1989 በስትራትፎርድ አዘር ፕሌስ በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት ነበር የታየው፤ ጠባብነቱ ወደ ስክሪኑ አብሮት መጥቷል። ልብሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወታደር ልብስ ነው። ኢያጎን የሚጫወተው ኢያን መኬለን ነው፦ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ የጦር ሰፈሩን አልጋና ብርድ ልብስ ሳያስተካክል የማያርፍ ወታደር። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል? በተውኔቱ «ሐቀኛ» የሚለው ቃልና ዘመዶቹ ከ50 ጊዜ በላይ ይነገራሉ፤ አብዛኛው የሚነገረው ስለ ኢያጎ ነው። በብዙ ቅጂዎች ይህ የተመልካች መሳቂያ ይሆናል፣ እዚህ ግን ሰዎቹ ለምን እንዳሉት ይገባል። ኦቴሎ የጃማይካው ተወላጅ የኦፔራ ዘፋኝ ዊላርድ ኋይት ነው። ድምፁ ግርማ አለው፤ ተዋናይነቱ ግን ከመኬለን አጠገብ አንዳንዴ ይከብዳል። ይህ ጉድለት ነው፣ ሆኖም ለታሪኩ ብዙም አይጎዳም፤ ኢያጎ ከኦቴሎ የበለጠ ስንኝ ያለው ሰው ነውና።

የዚህ ቅጂ ትልቁ ሀብት 4ኛ ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንት ነው። ዴዝዴሞና (ኢሞጅን ስተብስ) ለመኝታ ስትዘጋጅ ከኤሚሊያ (ዞዊ ዋናሜከር) ጋር ታወራለች። ዴዝዴሞና ዓለምን ሁሉ ቢሰጡሽ ባልሽን ትከጂዋለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ኤሚሊያ ለቀለበትና ለቀሚስ አላደርገውም፣ ባሌን ንጉሥ የሚያደርገው ከሆነ ግን ማን ትተወዋለች ትላለች። ኢያጎ ብቻ ሳይሆን ሚስቱም ስለ ሹመት ታስባለች ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሷ ዋጋውን በግልጽ መናገሯ ነው። የዴዝዴሞና የአኻያ ዘፈንና ኤሚሊያ ስለ ባሎች የምትናገረው ረጅሙ ንግግር በ1622ቱ እትም የሉም፤ ያሉት በ1623ቱ ውስጥ ነው። ቸኩለው የሚቆርጡ አዘጋጆች መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንን ነው። ያንን ያደረገ ቅጂ ላይ ኤሚሊያ በ5ኛው ገቢር ባሏን ስታጋልጥ ድፍረቱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

መጨረሻው ላይ መኬለን ዝም ብሎ አልጋው ላይ የወደቁትን ሬሳዎች ያያል። ከእንግዲህ አልናገርም ብሏልና ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ምንም አልተጨመረበትም።

ርዝመቱ ግን ያስፈራል። በአንድ ቁጭታ መጨረስ የማይችል ሰው በ2ኛው ገቢር መጨረሻ፣ የስካሩ ሌሊት አልቆ ካሲዮ ከተሻረ በኋላ ቢያቆም ይሻላል። 3ኛ ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንት መሐል ላይ ማቋረጥ ግን ቅጂውን ያበላሻል፤ የኢያጎ ሥራ የሚሠራው ሳይቋረጥ ሲንጠባጠብ ነው።

ተውኔቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የ2013ቱ የለንደን ናሽናል ቴአትር ቅጂ ይቀላል። አዘጋጁ ኒኮላስ ሃይትነር ነው፤ ኦቴሎ ኤድሪያን ሌስተር፣ ኢያጎ ሮሪ ኪኒር። ቆጵሮስ የዘመናችን ወታደራዊ ካምፕ ሆናለች፦ ተገጣጣሚ ክፍሎች፣ የሚያንጸባርቅ መብራት፣ የጋራ መታጠቢያ ቤት። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዴዝዴሞና በካምፑ ወታደሮች መካከል ያለች ሲቪል ስትሆን የወታደር ቤት ወሬ እንዴት እንደሚገላት ይታያል። ኤሚሊያም እዚህ ወታደር ናት፤ ለባሏ መታዘዟ የሚስትነት ብቻ ሳይሆን የደንብ ልብሱም ጭምር ይመስላል። ኪኒር ኢያጎን ከቀበሌ ቡና ቤት እንደተነሣ ቂመኛ ሰው አድርጎታል፤ ሳቅ ያስወጣል፣ ሳቁም ያሳፍራል። ለእሱና ለሌስተር የዚያ ዓመት የኢቭኒንግ ስታንዳርድ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት በጋራ ተሰጥቷቸዋል፤ ሲያዩት ለምን በጋራ እንደሆነ ይገባል፣ አንዱ ሌላውን አይውጠውም። ከ1990ው የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፦ መድረኩ ሰፊ ስለሆነ ንግግሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ አዳራሹ ጀርባ ይጮኻል።

የ1995ቱ የኦሊቨር ፓርከር ፊልም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሎረንስ ፊሽበርን ኦቴሎ፣ ኬነዝ ብራና ኢያጎ። ከጽሑፉ ከግማሽ በላይ ተቆርጧል። ብራና ወደ ካሜራ ዞር ብሎ ለተመልካቹ ሲናገር ተባባሪ ያደርገዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ኦቴሎ በአእምሮው የሚስለውን ግን ፊልሙ አልጋ ላይ አድርጎ ያሳያል፣ ዴዝዴሞናና ካሲዮ ተቃቅፈው። ትልቅ ስህተት ነው፤ ኢያጎ በቃል ብቻ የሠራውን ሥዕል ካሜራው ሲሠራለት የኢያጎ ችሎታ ይጠፋል። ፊሽበርን ግን የተቆጣ ወታደር እንጂ የተታለለ ሕፃን አይደለም፤ ለእሱ ሲባል ይታያል።

የ1965ቱ የላውረንስ ኦሊቪየ ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልካች አይሆንም። ነጭ ተዋናይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የሚጫወተው፤ ዛሬ ይህንን አልፎ ማየት አይቻልም፣ ማለፍም አያስፈልግም። ፊልሙ ለአራት ተዋናዮች የኦስካር ዕጩነት አምጥቷል፤ ከእነርሱ ሊታይ የሚገባው ፍራንክ ፊንሌይ ነው። ኢያጎን ጸጥ ያለ፣ ለዕድገት ያልታሰበ የበታች መኮንን አድርጎታል፣ ካሜራው ቀርቦ ስለሚያየው ትንሹ የፊት እንቅስቃሴ ሁሉ ይታያል። ኦሊቪየ በአንጻሩ ለትልቅ አዳራሽ የተሠራ ድምፅና እጅ ወደ ቅርብ ካሜራ ይዞ ገብቷል።

የኦርሰን ዌልስ ቅጂ ተውኔቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። ገንዘብ እያለቀበት፣ እያቆመና እየቀጠለ ዓመታት ወስዶ በሞሮኮና በጣሊያን የቀረጸው ነው፤ በ1952 በካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። ልብስ ባለመድረሱ የሮደሪጎን ግድያ በፎጣ ብቻ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደረገው፤ ከፊልሙ ምርጥ ትዕይንቶች አንዱ ሆነ። ፊልሙ የሚጀምረው ከቀብሩ ነው፣ ኢያጎ በብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ እያየ። ሥዕሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ተንኮሉን ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ግን ቦታ የለውም።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም ያገኘ ሰው ከየትኛውም ቅጂ በፊት 1ኛውን ገቢርና 3ኛ ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንትን ቢያነብ የተቆረጠውን ወዲያው ይለያል። ለዌልሱ ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በ1952 እና በ1955 የወጡት አንድ ዓይነት አይደሉም፣ በ1992 ታድሶ የወጣው ደግሞ ሙዚቃው እንደ አዲስ የተቀረጸ ነው። ድምፁ የጠራው ይኸኛው ነው፤ ዌልስ የሠራውን ድምፅ የሚፈልግ ግን ከመግዛቱ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።