ሮዝ ግንብ፦ ልኩ የጎደለ መምህር

ለአራት ዓመት ልጄ የገዛሁት ሮዝ ግንብ የተባለው የሞንቴሶሪ መማሪያ ዕቃ አሥር የእንጨት ኩቦች አሉት፤ ትልቁ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሿ 1 ብቻ። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከከፈተች ወዲህ የተስፋፋው ትምህርት መምህሩ ዝም ብሎ እንዲመለከት፣ ስሕተትን ዕቃው ራሱ እንዲናገር ይፈልጋል። ልጄ ትልቁን በትንሹ ላይ ጭና ግንቡ ሲያዘነብል ለማረም አፌን ከፈትሁ፤ እርሷ ግን ቀድማኝ አፈረሰችው። (ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።)

ቀለሙ በሁለት ሳምንት ተላጠ፤ እርሱስ ይሁን። ስድስተኛውና ሰባተኛው ኩብ ግን በማስመሪያ ስለካቸው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። አስተማሪው ልኩ በሆነበት ዕቃ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሻጩ ሊለውጥልኝ ተስማምቷል፤ ትንሿን ኩብ ግን ከሶፋው ሥር ገና እየፈለግን ነው።