«ፎርማት ይደረግ» ላላለኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። ኢሜይሌን የማነብበት ፕሮግራም፣ አውትሉክ፣ ተከፍቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም ስታክ አላደረገም። እንደዚያም ሆኖ አላመንኩትም፤ ድክ ድክ እንደሚል ሕፃን አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ እያልኩ በጎን አየዋለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ለአንድ ኢሜይል ምን አንገበገባት ትላላችሁ። ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ ያለው ወረቀት ሁሉ በኢሜይል ነው የሚመጣልኝ። ቢኤሉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ)፣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ «ዕቃው ወደብ ገብቷል» የምትለዋ ማስታወቂያ። ያቺን ማስታወቂያ ዘግይቼ ካየኋት ኮንቴይነሩ ቆሞ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደግሞ በዶላር ነው። ደንበኛው ደውሎ «አላየሽም እንዴ?» ሲለኝ «ኢሜይሌ ስታክ አድርጎ ነው» ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የጀመረው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ መልእክት ማውረድ ይጀምራል፣ ከዚያ መስኮቱ ነጣ ይልና ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል። ቡና አስፈላለሁ። አቦሉ ያልቃል፣ ቶናው ያልቃል፣ በረካው ያልቃል፣ እሱ እንደነጣ ነው። አጥፍቼ ስከፍተው አሥር ደቂቃ ይሠራና ያው። በተለይ ፋይል የተያያዘበት መልእክት ስነካ ነፍሱ ትወጣለች።

ሦስት ቦታ ወሰድኩት። ስማቸውን አልጠራም፤ እንጀራቸው ነው። ግን ብሶቴን ካላወጣሁ ምስጋናዬም አይጥመኝም።

የመጀመሪያው ገና ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ሳላሳርፍ «ማዘር፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። አልከፈተውም እኮ! አልነካውም! «ውስጡ ያለው ኢሜይልስ?» ስለው «ኢሜይል የትም አይሄድም፣ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው» አለ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ፤ የዚያን ቀን ሥራ በዝቶበት «ነገ አምጪው» ብሎ መለሰኝ። (በነገራችን ላይ 48 ዓመቴ ነው። ማዘር የሚያስብል ሽበት የለኝም፤ ካለኝም በእነዚህ ሰዎች የበቀለ ነው።)

ሁለተኛው «ራም አንሶት ነው» አለ። 4,500 ብር ከፈልኩ። እውነት ለመናገር ማሽኑ ቶሎ መነሳት ጀመረ። ቶሎ ይነሳና ቶሎ ስታክ ያደርጋል። ተመልሼ ስሄድ «እኔ ያልሽኝን አድርጌያለሁ» አለኝ። መቼ ነው እኔ ራም ጨምርልኝ ያልኩት?

ሦስተኛው አምስት ቀን አስቀመጠው። አምስት ቀን ሙሉ በስልኬ ስክሪን የዕቃ ዝርዝር እያየሁ ዓይኔ ጠፋ። ሲመልስልኝ ስክሪኑ ላይ ቀይ የውድድር መኪና ተለጥፏል። የልጆቼ ፎቶ የለም። «ቫይረስ ነበረው፣ አንቲቫይረስ ጭኜልሻለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። አሥር ደቂቃ ይሠራ የነበረው ሁለት ደቂቃም አይቆይ። ደውዬ ስነግረው «አርጅቷል በቃ፣ አዲስ ግዢ» ብሎ ዘጋው። አዲስ ግዢ! የኮምፒውተር ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ። አላፍርም።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠራው፤ ፒያሳ ሲፈርስ ጀሞ ገባ። ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት ሱቁ። ደውዬ «ይዤው ልምጣ?» ስለው «አይንቀሉት። ችግሩ የሚታየው እርስዎ ጋር ነው፣ እኔ ልምጣ» አለኝ። አይንቀሉት አለኝ! ከማዘር ወደ እርስዎ ከፍ አልኩ።

መጣ። ወንበር ሳበ። ማውሱን አልነካም። ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰላችሁ? «እዚህ ውስጥ ካለው ምን ቢጠፋብዎ ያለቅሳሉ?»

የሥራ ወረቀት ነው አልኩት። የደንበኞች ፋይል፣ የቆየ ክርክር፣ የተከፈለበት ያልተከፈለበት። እየጻፈ ሰማኝ። «ሌላስ?» አለ።

ሌላማ አለ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ቢሮዬ ግቢያችን ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣና ባህሬን ላለችው እህቴ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ነበር። «ደውዪላት እንጂ» ስላት «ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ይቀመጣል» ትላለች። ወረቀት አይደለም፣ ኢሜይል ነው ብላትም ለእሷ ያው ነው። «ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ የበግ ዋጋ፣ የእድር ነገር፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግ። መሃል ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይቺን እንኳ አትጻፊያት፣ ትጨነቃለች» ትላለች። አንዳንዴ አትጻፊ ያለችኝንም እጽፈው ነበር። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። እህቴ አድራሻዋን ከቀየረች ቆይታለች፣ እሷ ጋር አንድም የለም። ያሉት እኔ ጋር፣ የተላኩ መልእክቶች ውስጥ ብቻ ነው።

ለማላውቀው ልጅ ይህን ሁሉ ለምን እንደነገርኩት እንጃ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እንግዲያው መጀመሪያ ኮፒ እናደርጋለን። ኮፒው ሳያልቅ አንድም ነገር አልነካም» አለ።

ኮፒው ሲሄድ እያስረዳኝ ነበር። የእኔ ኢሜይል ኢንተርኔት ላይ ካለው ሰርቨር ወደዚህ ማሽን ይወርዳል፣ ከ14 ቀን በኋላ እዚያ ያለው ይሰረዛል። እንዲያ ተብሎ ነው የተስተካከለው። ስለዚህ የዓመታት መልእክቴ በሙሉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ አንዲት ፋይል ውስጥ ነው። ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 48 ጊጋባይት። ጣሪያው 50 ነው አለኝ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ! ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። «ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው» ብሎኝ ነበር እኮ፣ ከነሙሉ ልቡ።

መሃል ላይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። እኔ ጮህኩ። እሱ ሳቀ፤ ከጀሞ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ፣ ነበር ማሽኑን ይዞት የቆየው። ለካ አንዱ ጠንቅ መብራቱ ኖሯል። መብራት ድንገት በጠፋ ቁጥር አውትሉክ ፋይሏን ሳይዘጋ ነው የሚቋረጠው። «እያነበቡ ያሉትን መጽሐፍ ሰው ከእጅዎ ሲነጥቅዎ ገጹ ይቀደድ የለ?» አለኝ። ገባኝ።

ኮፒው ሲያልቅ ከኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልን ተጭኖ አውትሉክን ነካው። አንድ ጥያቄ መጣ፣ የስ አለው። ተከፈተ! ያን ትልቅ ትልቅ ፋይል የተያያዘበትን መልእክት እየከፈተ እየዘጋ አሳየኝ። ምንም። «አዩ፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው። የተሸከመው ነው ያጎበጠው» አለ። ሴፍ ሞድ ይባላል አሉ፣ ትርፍ ነገሩን ሁሉ አስቀምጦ ባዶውን ሲነሳ ማለት ነው። ከዚያ የተንጠለጠለበትን ትርፍ ነገር አንድ በአንድ እያጠፋ፣ እየዘጋ፣ እየከፈተ ሄደ። ጊዜ ፈጀ። አራተኛው ላይ አገኘው። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ቀይ መኪናው ሰውዬ የጫነው አንቲቫይረስ፣ አውትሉክ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን መልእክት ሲበረብር!

የቀረውን ብነግራችሁ እዋሻለሁ፣ አልገባኝም። የተቀደደውን የሚጠግን ስካንፒኤስቲ የሚባል ነገር አለ፣ ከአውትሉኩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ያ ሁሉ ሰው ብር ሲበላኝ እዚያው ማሽኔ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እሱን አስጀመረውና «ሌሊቱን ይሠራል» ብሎ ዩፒኤሱን ትቶልኝ ሄደ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «ጥገናው ስንተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ?» አለኝ። በነጠላ ተጠቅልዬ ግቢውን አቋርጬ አየሁት። «ከ8ቱ 6ኛው ላይ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ይተኙ። ያልቃል» አለኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ሰዓት ደውሎ «ይተኙ» የሚል ባለሙያ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ጠዋት መጣና ፋይሏን በየዓመቱ ከፋፈላት። የድሮው ለብቻ፣ የአሁኑ ለብቻ። ሲጨርስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «የእናትዎን እርስዎ ይክፈቱ፣ እኔ ውጭ ነኝ» ብሎ በረንዳው ላይ ቆመ። ከፈትኩ። 63 ደብዳቤ። «ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ»። አንድም አልጎደለም። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ስወጣ እሱ ስልኩን እያየ ያልሰማ መስሎ ቆሟል። በፍላሽም ገልብጦ ሰጠኝ።

ሁለት ቀን ተመላልሶ 2,000 ብር ጠየቀኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ልጨምር ስል እምቢ አለ፣ ምሳ ብቻ በላ። ለራሙ የከፈልኩትን ስነግረው እንኳ «አይዘኑ፣ ራሙ ይጠቅምዎታል» ብሎ አጽናናኝ። የሌላውን ሰው ሥራ አላጣጣለም። እኔ ነኝ ሳጣጥል የነበርኩት፣ አሁንም አላቆምኩም።

እባካችሁ፣ ቢሮ ያላችሁ፣ ኢሜይላችሁ የሚነጣባችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ለዚህ ልጅ ደውሉ። ቢያንስ ኮፒ ያልያዘ ሰው እንዳይነካባችሁ። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ «እርስዎ የሚያውቋቸው ይበቁኛል» ብሎ ለምኖኛል። ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። እሁድ አትደውሉለት፣ አያነሳም።

አንተም ይህን ካየኸው፣ የራሴን ዩፒኤስ ገዝቻለሁ። ያንተው ጥግ ይዞ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ ነው። መጥተህ ውሰድ። ቡና አለ፤ በረካው ሳይደርስ አትሄድም።