የእትዬ ምስር ሳምቡሳ

ደሴ በደረስኩ ቁጥር ቦርሳዬን ሳላሳርፍ ጎራ የምልበት ሻይ ቤት አለ። ሸዋ በር አካባቢ፣ ያደግሁበት መንገድ ላይ ነው። ሰሌዳ የለውም፤ ድሮም አልነበረውም። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለው። ደጁ ላይ ሳምቡሳ የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን ቆሟል። የሰፈሩ ሰው "እትዬ ጋ" ይለዋል። እትዬ ካረፉ ቆዩ። ቤቱን አሁን የያዘችው ልጃቸው ናት፣ አብራኝ ገመድ የዘለለችው። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም "እትዬ ጋ እንገናኝ" ነው የሚባለው።

የሚሸጠው ሻይና የምስር ሳምቡሳ ነው። በረመዳን ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ይጨመራል። ሌላ ነገር አትጠይቁ፣ የለም።

ስለ ሳምቡሳው ልንገራችሁ። ባለፈው ስሄድ ጓዳ ገብቼ ሲሠራ አየሁ። ሁለት ድቡልቡል ሊጥ ትዳምጥና መሃላቸውን ዘይት ቀብታ፣ ዱቄት ነስንሳ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ታነባብራለች። እንደገና ትዳምጠዋለች፣ እጅ እስኪያሳይ ድረስ። የጋለ ምጣድ ላይ ጣል ታደርገውና ሳይጠቁር አንስታ ሁለቱን ትላቅቃቸዋለች። ያኔ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ ይወጣል። ይህን በቁመቱ ቆርጣ ታጥፈዋለች። አጠጣጠፏ ድሮ አረብ ሱቅ ስኳር ይጠቀለልበት የነበረውን ጋዜጣ ነው የሚመስለው፤ መጀመሪያ ሾጣጣ፣ ከዚያ አፉ ይዘጋል። ማጣበቂያው ዱቄት በውሃ ነው። ምስሩ ድፍን ነው፣ ክክ አይደለም። እንዳይፈርስ ተጠንቅቃ ትቀቅለዋለች። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል። ሲነክሱት ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ምስሩ ግን አይበተንም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቦታ በልቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ አላጋጠመኝም።

ስጋ የለውም። ቅቤም የለውም። ልጅ ሆኜ እትዬ ድህነት ኖሮባቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። "ስጋ ባገባበት የማን ስጋ ላገባ ነው? ግማሹ ሰፈር ይቀርብኛል። ቅቤ ባገባበት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እናትሽ አትቀምስልኝም" አሉኝ። ይኸው ነው። ምስር በዘይት ሲሆን ሙስሊሙም ይበላል፣ ክርስቲያኑም ይበላል፣ ጾመኛውም ይበላል። ለእኔ ይህ የሰማሁት ብቻ አልነበረም፣ የቤቴም ጉዳይ ነበር። አባቴ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው፣ እናቴ የማርያም ጽዋ ትጠጣለች። በዓል ሲሆን ቤታችን ሁለት ድስት ይጣዳል። የአባቴ እህቶች ሲመጡ ስጋው በየወገኑ ይበላል። የእትዬ ሳምቡሳ ሲመጣ ግን ትሪው አንድ ነው፣ እጁም ሁሉ እዚያው ላይ ነው። እዚሁ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ ስም፣ "አይጠየፍ" የሚለውን፣ በሰማሁ ቁጥር እኔ የሚታየኝ ያ ትሪ ነው።

መንገዱ ያኔ ሙሉ ነበር። ከእትዬ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ይረግጣሉ። የሚያለቅስ ልጅ ሲያልፍ ካዩ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ኳስ ይሰጡት ነበር። ፊት ለፊት ሰዓት ሠሪው ነበሩ፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መስታወት ሰክተው። ማዕዘኑ ላይ አረብ ሱቅ። የባለቤቱ አባት ከየመን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ደሴ ተወልደው፣ ደሴ አግብተው፣ አማርኛቸው ከእኛ የባሰ የወሎ ነበር። ሚዛናቸው የነሐስ ነው። ደስታ ከረሜላ ከብልቃጥ አውጥተው "ይቺ ምርቃት ናት" ይሉናል። የእኔ ሥራ ላምባ ማስቀዳት ነበር። ጠርሙሱን በግራ፣ ገንዘቡን በቀኝ። ዳቦ አብሬ እንዳልገዛ እናቴ ደጅ ድረስ እየጮኸች ታስጠነቅቀኛለች፣ ላምባው ይነካዋል ብላ። አንዴ ገዛሁ፣ ነካው። ያን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ላምባ ላምባ የሚል ዳቦ በላ።

ሻይና ሳምቡሳ ባንድ ላይ ስሙኒ ነበር። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን እትዬ ስኳር ሲያልቅባቸው አይደብቁም። "ዛሬ ቡና በጨው ነው፣ የፈለገ ይቀመጥ" ይላሉ። ማንም ተነስቶ አይሄድም፣ ወሎ ቡና በጨው ብርቁ አይደለማ።

በ1977ቱ ድርቅ አሥር ዓመት ግድም ነበርኩ። ከገጠር የመጣው ሰው እዚያው መንገዳችን ዳር፣ በደሴ ብርድ፣ ተኝቶ ያድር ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ተሸፍኖ የተኛ ሁሉ አይነሳም። እትዬ ለዚያ ሁሉ ሰው አይደርሱም፣ ማንም አይደርስም። ግን የጠዋቱን የመጀመሪያ በራድ አይሸጡትም ነበር። ራሳቸው ይዘው ይወጡና በደጃቸው ላለው ይቀዱለታል። እኔና ልጃቸው ብርጭቆ እንይዛለን። ብርጭቆው ሲያቃጥለኝ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ እንደነበር እስካሁን ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። ሻይው ጥሩ ነው። ቀረፋው፣ ቁርንፉዱ፣ ሄሉ ሁሉም በልክ ነው። ስኳሩ ግን በራዱ ውስጥ ተጨምሮ ስለሚፈላ ጣፋጭ የማይወድ ሰው ይቸገራል። ያለ ስኳር የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይናገር፣ ለብቻው ታፈላለታለች። ባለፈው ስሄድ ሻይ 20 ብር፣ ሳምቡሳ 20 ብር ከፍያለሁ። ወንበሩ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ነው፣ ወገባችሁ የሚያማችሁ ግድግዳውን ያዙ። መጸዳጃ ቤት የለም። ሳምቡሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይወጣል። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ቶሎ ያልቃል። ጠቅልላችሁ መንገድ ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ አንድ ደርዘን ለልጆቼ አዲስ አበባ ይዤ ሄጄ በላስቲክ ውስጥ ላብ አልቦት ተልፈስፍሶ ደረሰ።

አንድ ቅር ያለኝን አልደብቅም። የድሮው በኑግ ዘይት ነበር የሚጠበሰው። ገና ከመንገዱ ጫፍ ጠረኑ ይጠራችኋል። አሁን የሚረጋው ዘይት ነው። ሲበርድ ከላንቃ ላይ አይለቅም። ነገርኳት። "እታለም፣ ኑግ ዘይት የት ደርሷል መሰለሽ? በኑግ ብጠብሰው ማን ከፍሎ ይበላዋል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ትኩሱን ብሉ እላለሁ።

እንዲያውም ቤቱ መኖሩ ይገርመኛል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ኅዳር ማብቂያ ላይ ስትመለስ ምጣድ የለ፣ በራድ የለ፣ አግዳሚ የለ። የመስታወት ሳጥኑ ብቻ ተሰንጥቆ ቆሟል። ምጣድ ያዋሳት የልብስ ሰፊው ልጅ ነው። ዱቄትና ዘይት በዱቤ የሰጣት የአረብ ሱቁ የልጅ ልጅ ነው። ሳጥኑን አልቀየረችውም። ስንጥቁ ላይ የለጠፈችው ፕላስተር አሁንም አለ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

ባለፈው የሄድኩት በየካቲት 2017 ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በ22። ሁለቱም ጾመኛ ያንኑ ሳምቡሳ ይጠብቃል። እኔ ከ9 ሰዓት በኋላ መብላት እችል ነበር። ተቀመጥኩ እንጂ አላዘዝኩም። እናቴ በረመዳን እንዲህ ነበር የምታደርገው። "ጎረቤት ምራቁን እየዋጠ እኔ አላላምጥም" ትላለች።

ደሴ ላይ ፀሐይ ቶሎ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባለች። ጥላው መንገዱን ሲሸፍነው የመሸ ይመስላል፣ አዛኑ ግን ገና ነው። ልጅ ሆነን በዚያ እንሳሳት ነበር፤ "ፀሐይ ገባች!" ብለን እየጮህን እትዬ ጋ ስንደርስ "ጦሳ ነው የጋረዳት፣ አልገባችም" ብለው ይመልሱናል። አሁንም ሁለት ልጆች እየሮጡ መጡ። ልጃቸው ከምጣዱ ሳትዞር "ጦሳ ነው" አለቻቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አዛን ተባለ። ቴምሩ ዞረ፣ ውሃው ዞረ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ከሳህናቸው አንዱን አንስተው "እንኪ ልጄ፣ አንቺም ስትጠብቂ ነው የዋልሽው" አሉኝ። ጫፉን ስነክሰው እንፋሎቱ ወጣ፣ ቃሪያው ምላሴን ቆነጠጠኝ። ሳልጨርስ ልጃቸው ሌላ ሳህን አመጣችና በኔና በሽማግሌው መሃል አስቀመጠችው።