ስም በሌለው ጀሪካን የሚሸጥ የዲፈረንሻል ዘይት እንዳትገዙ

አሮጌ ፒክአፕ የምትነዱ ሁሉ ለዲፈረንሻላችሁ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎቹ ለሚያካፍለው የማርሽ ቤት፣ ተጠንቀቁ። «የዲፈረንሻል ዘይት ነው፣ 90 ነው፣ በቅናሽ ውሰድ» እየተባለ ስምም ደረጃም በሌለው ጀሪካን የሚሸጥ ነገር አለ። ወፈር ይላል፣ ቀለሙ ንጹህ ነው፣ በሁለት ጣት ሲያሹት ይሳባል። ሰው የሚሸወደውም በዚሁ ነው።

90 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። ውስጡ ምን እንደተጨመረ አይነግራችሁም። ደግሞም የሞተር ዘይትና የማርሽ ዘይት ቁጥር የሚወጣላቸው በተለያየ መለኪያ ነው። 90 የተባለ የማርሽ ዘይት ሲሞቅ ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አንዱ የሞተር ዘይት ቀድቶ «90 ነው» ቢላችሁ በጣታችሁ አትለዩትም።

ልትፈልጉት የሚገባው ሌላ ጽሑፍ ነው፦ ኤፒአይ ጂኤል-5 (API GL-5)፣ የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም ያወጣው የማርሽ ዘይት ደረጃ። አብዛኞቹ የፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻሎች የሚጠይቁት ይህንን ነው። ምክንያቱ ያለው ጥርሶቹ ላይ ነው። ፒኞኑ (ትንሿ አዙሪ ማርሽ) የሚገጥመው ከኮሮናው (ከትልቁ ክብ ማርሽ) መሃል ዝቅ ብሎ ስለሆነ ጥርስ በጥርስ ላይ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን በከባድ ጫና ይንሸራተታል። ያ መንሸራተት ተራ ዘይትን ጠርጎ ያወጣዋል። በጂኤል-5 ውስጥ ያሉት የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች ግን ሙቀትና ጫና ሲመጣ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርገው ያ ሽፋን ነው። ተራ ዘይት የገባበት ዲፈረንሻል መጀመሪያ ምንም አይልም። ጭነት ሲበዛ፣ ዳገት ሲረዝም ይሞቃል፣ ቆየት ብሎ ነዳጅ ስትሰጡት ማፏጨት ይጀምራል። ያኔ ጥርሱ ተበልቷል፤ ጥሩ ዘይት ብትጨምሩም አይመለስም።

«ሽታው ይከረፋል፣ ስለዚህ ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭም አለ። እውነት ነው፣ ጂኤል-5 የድኝ ሽታ አለው። ቀለል ያለው ደረጃ ጂኤል-4 ውስጥም ግን ያው ነገር በትንሹ አለ፣ ከሌላ መኪና የተቀዳ አሮጌ ዘይትም ይሸታል። አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም። «ጂኤል-6 ነው፣ ከ5 ይበልጣል» ካሏችሁ ደግሞ ጂኤል-6 ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ደረጃ አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ዋጋ አትጨምሩ።

ከካምቢዮ (ከማርሽ መቀየሪያው ሳጥን) ጋር የሚያያዝ ሌላ ወጥመድ አለ። መካኒኩ አንድ ዕቃ ከፍቶ «ለሁለቱም ይሆናል» ብሎ ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም ሊቀዳ ይችላል። ጂኤል-4 ብቻ የሆነው ለዲፈረንሻሉ ያንሳል። ጂኤል-5 ብቻ የሆነው ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ሲንክሮናይዘሮች (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ ቀለበቶች) ሊጎዳ፣ ማርሽ ማስገባቱንም ሊያከብደው ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚል እዩ። መጽሐፉ ከሌለ በሞዴሉና በሥሪት ዘመኑ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።

ስለ ውፍረት ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «መኪናው አሮጌ ነው፣ ወፍራም ይሻለዋል» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። መጽሐፉ 80ደብሊው-90 (80W-90) ካለ ከዚያ የወፈረውን 85ደብሊው-140 (85W-140) መሙላት በብርድ ጠዋት ዘይቱ ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታዎች ለመድረስ እንዲዘገይ ያደርጋል፣ ነዳጅም ይበላል። ከባድ ጭነት ለሚጎትት ወይም በጣም ሞቃት ቦታ ለሚሠራ መኪና ፋብሪካው ራሱ 140 የሚፈቅድበት ጊዜ አለ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ወፍራም ዘይት ግን ድምፅ ይሸፍናል። ያገለገለ ፒክአፕ የሚሸጥ ሰው ጥርሱ ያለቀውን ዲፈረንሻል በ140 ወይም እንደ ሙጫ በሚለጠፍ መድኃኒት ዝም አሰኝቶ ሊያስረክባችሁ ይችላል። ልትገዙ ከሆነ መሙያውን ቡሎን አስፈቱ፣ ጣት አስገብታችሁ እዩ። ክር እየሠራ የሚንጠለጠል ከሆነ ለምን እንደተጨመረ ጠይቁ።

ዲፈረንሻላችሁ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ) ከሆነ ደግሞ ጂኤል-5 መሆኑ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ብዙዎቹ ውስጣቸው እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ሸራዎች ስላሏቸው ለዚያ የተዘጋጀ ማሟያ ይፈልጋሉ። ማሟያው ቀድሞ የተቀላቀለበት ዘይትም አለ። ከሌለው በዝግታ ስትጠመዝዙ ከኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ግር ግር ይላል። የእናንተ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ የፊቶቹን ጎማዎች በደንብ አስደግፋችሁ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሱና ማቆሚያ ስጧቸው። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ፍቱ። አንዱን ጎማ በእጅ ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው። አብሮ ከዞረ አብዛኛውን ጊዜ ሊሚትድ ስሊፕ ነው። ሸራው ያለቀ ከሆነ ግን እንደ ተራው ሊዞር ስለሚችል ዲፈረንሻሉ ላይ ያለውን ምልክትም ፈልጉ።

አሁን ወደ ጋራዡ። «ዘይት ቀይረናል» ብለው የሚያስከፍሉ፣ ግን ከላይ ትንሽ ጨምረው የሚዘጉ አሉ። ከሥር ገብታችሁ የታችኛውን ቡሎን እዩት። ጠርዙ ላይ የደረቀ ጭቃና አሮጌ ቅባት ሳይነካ ከተቀመጠ፣ ያ ቡሎን አልተፈታም። አንዳንድ ዲፈረንሻል የታች ቡሎን የለውም፤ ክዳኑ ይፈታል ወይም ዘይቱ በፓምፕ ይሳባል። እዚያው ቆማችሁ አስቀይሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ። አሮጌ መኪና ላይ ይነክሳል፣ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ አልፈታም ካለ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

የወጣውን ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጉት። ቡሎኑ ላይ ማግኔት ካለ እሱ ላይ ግራጫ ልስልስ ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው። የሚቆነጠጥ ስባሪ ብረት ካለ ግን ዘይት ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ መተንፈሻው ተደፍኖ እንዳይሆን እዩት። የተደፈነ መተንፈሻ ሲሞቅ ዘይቱን በጎማ ዳር አስወጥቶ የፍሬን ሸራ ላይ ያፈሰዋል። ከልክ በላይ መሙላትም ያንኑ ያደርጋል። ልኩ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ የመሙያ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ነው።

ያ ጀሪካን ቀድሞ ከገባላችሁ መኪናው ላይ ጭነት አትጫኑ። ሞቅ እያለ አፍስሱት፣ ትክክለኛውን ሙሉ፣ ጥቂት ነድታችሁ እንደገና ቀይሩ። አብዛኛው ፒክአፕ የሚወስደው ጥቂት ሊትር ስለሆነ ሁለት ጊዜ መሙላቱ ከኮሮናና ፒኞን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጀሪካኑንም አትጣሉት። የቀረውን ዘይትና ደረሰኙን ይዛችሁ ሻጩ ጋ ሂዱ፣ ዘይቱ የጂኤል-5 መሆኑን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።