ጅቡቲ ወይስ ላንጋኖ? የሦስት ቀን እረፍት ሒሳብ ከድሬ

ኅዳር ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። «አቦ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ጅቡቲ ልሂድ ወይስ ላንጋኖ?» በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እኔ የጅቡቲ ወገን ነኝ።

ላንጋኖ ርካሽ የሚመስለው ፓስፖርትና ቪዛ ስለማይጠይቅ ነው። በብር ትከፍላላችሁ፣ በአማርኛ ትከራከራላችሁ። ግን ከድሬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዋሽ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ከዚያ እንደገና መኪና ቅየራ። ከሦስቱ ቀን ሁለቱን መንገድ ይበላቸዋል። እኔ አምና ሄጄ የዋኘሁት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ ስለሌለበት ሰው ሳይሰጋ ይገባበታል። ፓስፖርት የሌላቸው ልጆች ካሏችሁ እዚያው ሂዱ፣ አልከራከርም።

ጅቡቲ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ድሬን ራሷን የወለዳት እ.ኤ.አ. በ1902 ከዚያ የመጣ ሐዲድ አይደል? አዲሱ ጣቢያ ግን እንደ ድሮው ከዚራ ላይ አይደለም፣ ከከተማ ውጭ ነው። ጅቡቲ ያለው የነጋድ ጣቢያም እንደዚሁ። ስለዚህ ቲኬቱ ላይ እዚህ ባጃጅ፣ እዚያ ታክሲ ደምሩ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ የመልሱን ቀን ሳታረጋግጡ ፈቃድ አትሙሉ።

አሁን ወደ ጅቡቲ ገንዘብ፣ ወደ ፍራንኩ። አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ነው፣ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የተነቃነቀው የእኛ ብር ነው። ታክሲ ነጂው «1,000 ፍራንክ ብቻ» ሲላችሁ 5 ዶላር ከ63 ሳንቲም ማለቱ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር 57 ብር ግድም ሳለ፣ ይህ 320 ብር ነበር። ዶላሩን በ150 ብታሰሉት 844 ብር ይመጣል። ታክሲው ቆጣሪ የለውም። እግራችሁን ሳታስገቡ ዋጋ ጨርሱ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቂጣውን፣ ቴምሩንና ውሃውን ከድሬ እይዛለሁ። ከአራት ሰው ጋር ሆኜ ዶራሌ ወይም ኮር አምባዶ ወደሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች አንድ ታክሲ እንጋራለን። ዓርብና ቅዳሜ የእነሱ የሳምንት መጨረሻ ስለሆነ ባሕሩ ዳር ይሞላል፣ እሑድ ይሻላል። ማታ ላይ ሙክባዛ አለ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ ይጠበሳል፣ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። አንዱን ለሁለት ብሉት። በበጋቸው፣ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ግን አትሞክሩት። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ የድሬ ሰው እንኳ አይችለውም።

ከሁሉ በላይ የከሰርኩት በዕቃ ነው። ከመሄዴ በፊት እዚሁ ውሃ የማያስገባ የተባለች የስልክ ከረጢት በ250 ብር ገዛሁ። ባለሱቁ «ኦርጅናል ናት» ብሎ ማለልኝ። ባሕር ውስጥ አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። መጀመሪያ ካሜራው ጭጋግ ለበሰ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ድሬ ስመለስ ጠጋኙ ከፍቶ አሳየኝ። የቻርጅ መሰኪያው ዙሪያ እንደ ሻገተ ዳቦ አረንጓዴ ሆኗል። «የሐይቅ ውሃ ቢሆን አደርቀው ነበር፣ ጨው ግን ይበላል» አለኝ። 3,800 ብር ከፈልኩ፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ዛሬ ይንቋቋል። በዚህ ነገር ላንጋኖ ይበልጣል፣ እውነቱ ይነገር።

ኮፒዋን የምትለዩት ከአፏ ነው። ሲዘጋ «ቀጭ» የማይል መቆለፊያ፣ ጠርዙ ላይ በጣት የሚላቀቅ ስፌት። እሱንም ካላመናችሁ ውስጧ ሶፍት ጨምሩ፣ ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጫኑባትና አሳድሯት። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ። የእኔዋን ሞክሬያታለሁ፣ ሶፍቱ ገንፎ ሆኖ ነው ያደረው። የሞከርኳት ግን ከጅቡቲ ከተመለስኩ በኋላ ነው።